በመስኮቱ መስታወት የተነበበ አድራሻ

ጥቅምት 9

እታለም፣

ጤናሽን ሳልጠይቅ ወደ ነገሬ ብገባ አባባ ከመቃብሩ ቀና ብሎ «ይሄ ልጅ ዛሬም ሥርዓት አልተማረም» ይላል። ስለዚህ እንዴት ነሽ? ጉልበትሽስ? እማዬ አሁንም የፎቶ ቤቱ በር ላይ ተቀምጣ የመጣውን ደንበኛ ሁሉ «ከሳህ፣ ጠቆርክ» እያለች ታባርርብሻለች? እኔ ከጥርሴ በቀር ደህና ነኝ። እሱንም ትናንት እዚህ ወደብ ላይ ያለ ሐኪም ነቅሎ ገላግሎኛል። ሲነቅለው ፎቶ ላነሳው አስቤ እጄ አልታዘዝ አለኝ።

ስድስት ጥቅል ፊልም ልኬልሻለሁ፤ የእያንዳንዱ መዝገብ አብሮት አለ። በሃያ ዓመት ውስጥ ካነሳኋቸው የትኛውን እንደምወድ ለጠየቅሽኝ ግን መልሱን እኔም አላውቀውም። ሰዎቹን ሳስባቸው ከፎቶው ይልቅ ፎቶው ካለቀ በኋላ ያለው ነው የሚታየኝ። ባቡር መምጣት ያቆመበት ጣቢያ ውስጥ በየማለዳው ሰዓቱን የሚሞላ ሽማግሌ ነበር፤ ካሜራዬን ሳወርድ «አሁንስ ሥራዬን ልሥራ?» አለኝ። ዓሣ የምትከትፍ አንዲት ሴትዮ ደግሞ «እኔን ወስደህ ምን ታደርገኛለህ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ጠቅ አድርጌ እሄዳለሁ፣ እነሱ እዚያው ይቀራሉ። ለመጽሐፌ መግቢያ ይህንን ልጽፍ ፈልጌ «ደግሞ ተፈላሰፈ» ትይኛለሽ ብዬ ፈራሁ።

አራተኛው ጥቅል ላይ አንዲት ላውንደሪ ውስጥ ልብስ የምትተኩስ ሴት አለች። እንፋሎቱ ፊቷን ሸፍኖት ቆይቶ ሲገለጥ አንድ ጊዜ ቀና ብላ አየችኝ። እሷን ካላየሽ ፎቶ አየሁ አትበዪ። መጀመሪያ እምቢ ብላኝ ነበር። ሦስት ቀን ተመላልሼ፣ ያሉኝን ሸሚዞች በሙሉ አስተኩሼ፣ በመጨረሻ አንድ ነገር አስምላኝ ነው እሺ ያለችኝ። ምን እንዳስማለችኝ ስመጣ በአፌ እነግርሻለሁ፤ በወረቀት የሚሆን አይደለም።

መጽሔቱ አምስት ፎቶ ይፈልጋል። አንቺው አጥበሽ፣ አንቺው መርጠሽ፣ አንቺው ላኪላቸው። ነገ ወደ በረሃው ስለምገባ ሁለት ወር ተኩል ያህል ደብዳቤ አያገኘኝም። እማዬን ሳሚልኝ።

ከርታታው ወንድምሽ


ኅዳር 14

ወንድምዓለም፣

ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ሲጢጥ ይላል፣ ግን ይከፈታል። እማዬ የጥርስህን ነገር ስነግራት «ምላሱን ነበር መንቀል» አለች፤ ከዚያ በኋላ ግን ግማሽ ቀን ሙሉ በምኑ ያኝካል እያለች ስትጨነቅ ዋለች።

ሴትዮዋን አየኋት። ከመድኃኒቱ ሳህን ውስጥ ፊቷ ቀስ እያለ ሲመጣ እጄን ከውሃው ማውጣት ረሳሁ። አባባ ቢያያት መነጽሩን አውልቆ ይጠርግ ነበር፤ ከዚያ የበለጠ ምስጋና አያውቅም። ደግሞስ ምን አስምላህ ነው? አገባሻለሁ አልካት እንዴ? ካልክ እማዬ ነገውኑ ቤት መቀባት ትጀምራለች።

አሁን ልቆጣህ ነው። መዝገብህ ላይ የሷ ቦታ ባዶ ነው። ቀኑ የለ፣ መንገዱ የለ፣ ምንም የለ። አባባ ምን ይል እንደነበር ጠፋህ? «ጀርባው ባዶ የሆነ ፎቶ ስም ያልወጣለት ልጅ ነው» ይል አልነበር? ከዚህ ቤት በሃምሳ ዓመት ውስጥ የተነሳበት ቦታ ያልተጻፈበት ፎቶ አልወጣም፤ በእኔ ጊዜ አይጀመርም አልኩ። አንተ በረሃ ነህ፣ ማንን ልጠይቅ? የአባቴ ልጅ ነኝና አጉሊ መነጽሩን ይዤ ተቀመጥኩ።

ከኋላዋ ወደ ውስጥ የተከፈተ መስኮት አለ፣ አላየኸውም? መስታወቱ ላይ ከመንገዱ ማዶ ያለ ታፔላ ይታያል፤ የጉንዳን ራስ ያክላል፣ ፊደሉም የተገለበጠ ነው። ነጋቲቩን ገልብጬ ማሽኑ ላይ አስገባሁና ያቺን ጥግ ብቻ አጎላኋት። ሦስት ጊዜ ደበዘዘብኝ። በአራተኛው የመንገዱ ስምና የቤቱ ቁጥር ቁልጭ ብሎ ወጣ! ከተማውንማ እዚያ ሳለህ ከጻፍክልኝ ደብዳቤ አውቀዋለሁ። ከፎቶው ጀርባ በአባባ አጻጻፍ፣ ከዚህ ቁጥር ትይዩ ባለው ላውንደሪ ብዬ ሁሉንም አሟልቼ ጻፍኩት።

የመጽሔቱ አዘጋጅ ስልክ ደውሎ ነበር። የፊት ሽፋን ትሆናለች፣ ታኅሣሥ አንድ ይወጣል አለኝ። «እንዲህ የተሟላ መግለጫ ከማንም አናገኝም» ሲለኝ፣ ልሸሽግህ አልችልም፣ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ። አንተ ስትረሳ የሚያስታውስ ሰው ቤትህ አለ።

እህትህ


ታኅሣሥ 30

እታለም፣

ሰላምታው ለሌላ ቀን ይሁን። ቴሌግራሜ ከዚህ ወረቀት ቀድሞ ይደርስሻል፤ እዚያ ላይ የማይባለውን ልጻፍልሽ። ዛሬ ከበረሃው ወጥቼ ፖስታ ቤት ስገባ ደብዳቤሽን ሰጡኝ። እዚያው ቆሜ አነበብኩት። የፖስታ ቤቱ ሰው ምን እንዳየብኝ እንጃ፣ ወንበር አመጣልኝ።

ያቺ ሴት ከባሏ ሸሽታ የተደበቀች ናት። ሁለት ጊዜ ሊገድላት ሞክሯል። አንገቷ ላይ ያለውን ጠባሳ አይተሽው የእንፋሎት ቃጠሎ መስሎሽ ይሆናል፤ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲፈልጋት ኖሯል። ለምን ታዲያ ፎቶ ትነሳለች ትዪኛለሽ፣ እኔም ጠይቄያታለሁ። «በሕይወት እንዳለሁ፣ በእጄ ሠርቼ እንደምበላ አይቶ ይቃጠል» አለችኝ። «ፊቴን ውሰድ፣ ዓለም ሰፊ ነው። ያለሁበትን ግን ለማንም እንዳትናገር፤ ለእናትህ ልጅ እንኳ።»

ለእናቴ ልጅ አልተናገርኩም። መዝገቡን ባዶ የተውኩት ለዚህ ነው።

ለመጽሔቱ ሰዎች ደውዪላቸው። ያልተሸጠውን ይሰብስቡ። ለላውንደሪውም ቴሌግራም ልኬያለሁ፣ መልስ አልመጣም። ከዚህ መርከብ የሚነሳው ከስድስት ቀን በኋላ ነው፤ በሱ እሄዳለሁ። እታለም፣ እባክሽን ፍጠኚ።

ወንድምሽ


ጥር 8

ወንድምዓለም፣

ይህንን አንተ ወደምትሄድበት ከተማ ዋናው ፖስታ ቤት ነው የምልከው፤ ስትደርስ ታገኘዋለህ።

ቴሌግራምህ እንደደረሰኝ ነጠላ ጫማዬን እንኳ ሳልቀይር አዘጋጁ ቢሮ ሄድኩ። መጽሔቱ ከወጣ ወር አልፎታል። ሰውየው ክፉ አይደለም፣ ውሃ አስመጣልኝ። ግን «እመቤት፣ የፈሰሰ ውሃ እንዴት ይታፈሳል?» ከማለት በቀር የሚያደርገው የለም። የቀረችውን ጥቂት ከመጋዘን አስወጣለሁ ብሎኛል። ስመለስ ጥጉ ላይ ያለው ጋዜጣ ሻጭ ጋ አሥራ አንድ ቅጂ አገኘሁና ሁሉንም ገዛሁት። «ዘመድዎ ናት?» አለኝ ፈገግ ብሎ። አዎ አልኩት። ሌላ ምን እለዋለሁ?

የስልክ ኦፕሬተሯ ላውንደሪው በስሙ የተመዘገበ ቁጥር የለውም አለችኝ። በፈጣን ፖስታ ለራሷ ጻፍኩላት፤ ዛሬውኑ ከዚያ ቤት ውጪ፣ ልብስሽን እንኳ አትሰብስቢ ብዬ። አድራሻውን ፖስታው ላይ ስጽፍ ሳላይ በእጄ ወጣልኝ፤ ያኔ ነው ያለቀስኩት።

ጸጉሬን ልነጭ ምንም አልቀረኝም። አንተንስ ምን ልበልህ? አንድ ቃል ብትጽፍ ምን ነበረበት? «ተዪው» የምትል አንዲት ቃል! እማዬ ምን እንደሆንኩ ትጠይቀኛለች፤ ጉልበቴ ነው እላታለሁ። ድረስባት ብቻ። ደርሰህ ጻፍልኝ፣ ካገኘሃትም ፎቶዋን አንስተህ ላክልኝ። በዓይኔ ካላየሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

እህትህ


ጥር 29

ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔ ለአንድዬ ምስጋና ይግባውና ካንቺና ከእማዬ ናፍቆት በስተቀር እጅግ በጣም ደህና ነኝ። እማዬስ እንዴት ናት? ጎረቤቶቹስ? ሥራስ እንዴት ይዞሻል? የጉልበትሽን ነገር አደራ፣ ችላ እንዳትዪው፤ ሐኪም ይየው፣ ሙቅ ነገርም አድርጊበት።

የምሥራች ልንገርሽ፤ አለች። ቴሌግራሜ በጊዜ ደርሷት ኖሮ የላውንደሪዋ ባለቤት ወደ ሌላ ከተማ፣ ዘመድ ቤት አሳልፋታለች። ሄጄ አገኘኋት። እዚያም ላውንደሪ ገብታ እየሠራች ነው። ያንቺን ነገር ነገርኳት፤ አልተቀየመችም። «እህትህ ጎበዝ ናት፣ የጉንዳን ራስ የምታነብ» ብላ ሳቀች። ሰውየው ከነጭራሹ እንዳልመጣም ሰምቻለሁ። እንዳልሽኝ ፎቶዋን ልኬልሻለሁ፣ ያነሳኋት ትናንት ነው።

እንግዲህ ይህን ነገር አናንሳው። መጽሐፉንም ትቼዋለሁ። ሌላ ምክንያት ኖሮት አይደለም፣ ደክሞኝ ነው። ካሜራዎቹን ሳጥን ውስጥ ከትቼ ትንሽ ላርፍ አስቤያለሁ።

ወንድምሽ


የካቲት 16

ወንድምዓለም፣

ሁለት ቀን ደስ ብሎኝ ነበር። ያንን ሁለት ቀን አልመልስልህም፣ የኔ ነው። ለእማዬ ሁሉንም ነገር ነገርኳት፣ አብረን አለቀስን፣ ፎቶዋን ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ለጠፍናት። እማዬ አጠገቧ ባለፈች ቁጥር «እሰይ የኔ ልጅ» ትላት ነበር።

በሦስተኛው ቀን አወረድኳት። ለምን እንዳወረድኳት አላውቅም፣ እጄ ዝም ብሎ አወረዳት። የአራተኛውን ጥቅል ነጋቲቮች አውጥቼ ጎን ለጎን አደረግኋቸው። አውራ ጣቷ ላይ ያለው ፕላስተር ያው ነው፤ በግራ በኩል የተላጠችው ጫፉ እንኳ ያችው ናት። ጠረጴዛው ላይ ያለው ሸሚዝ ሁለተኛው ቁልፍ የጎደለው ያው ሸሚዝ ነው። አራት ወር ሙሉ አንድ ሸሚዝ አይተኮስም፣ ወንድሜ። በሌላው ካሜራህ የቀረህን የዚያኑ ቀን ፎቶ ነው የላክልኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ ያንተማ ለማደርም አልበቃ። ፎቶውን ባላይ እንኳ ሰላምታህን ማንበብ ይበቃኝ ነበር። ከልጅነትህ ጀምሮ ስትዋሽ ትሁት ትሆናለህ። የአባባን መነጽር የሰበርክ ዕለት የሁላችንንም ጫማ ጠርገህ አልጠበቅከንም?

እኔ እህትህ ነኝ፣ ደንበኛህ አይደለሁም። ለደንበኛ ነው ከፎቶ ላይ ጠባሳ የሚደመሰስለት። መቼ እንደሆነ ንገረኝ። በማን እጅ እንደሆነ ንገረኝ። እኔ በጻፍኩት ምክንያት መሆን አለመሆኑንም ንገረኝ። እማዬ ፎቶው የት ሄደ እያለችኝ ነው።

እህትህ


መጋቢት 9

እታለም፣

ታኅሣሥ 11 ነው። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ ላውንደሪው በተከፈተ በሰዓቱ። እኔ ደብዳቤሽን ፖስታ ቤት ቆሜ ሳነብ፣ አንቺ በነጠላ ጫማ ስትሮጪ፣ እሷ ከተቀበረች ሳምንታት አልፈዋል። ያን ሁሉ ስንራወጥ የነበረው ለሞተ ሰው ነው።

በማን እጅ እንደሆነ ታውቂዋለሽ።

የላውንደሪዋ ባለቤት እንደነገረችኝ፣ ሰውየው ኮት በክንዱ አንጠልጥሎ ነው የገባው። ደህና አደራችሁ ብሎ ወረፋውን ጠብቋል። ከፊቱ ለነበረች አሮጊት በሩን ከፍቶላታል። የላውንደሪዋ ባለቤት ኮቱን ልትቀበለው እጇን ስትዘረጋ «እኔስ ከውስጥ ያለችውን ነው የምፈልገው» አላት። ሲይዙት የመጽሔቱን ሽፋን አራት ላይ አጥፎ በኪሱ ይዞት ነበር። አድራሻው ከሥሩ በእስክሪብቶ ተሰምሮበታል። ፖሊሶቹ አሳይተውኛል። አዎ እታለም፣ በጻፍሽው ነው።

ከዚያ በኋላ ፖሊስ ቤቱን አሽጎት ስለነበር ቴሌግራሜም ያንቺም ደብዳቤ ከበሩ ሥር ወድቀው ነው የተገኙት። የላውንደሪዋ ባለቤት «ያንን የጻፈው ማነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ነኝ አልኳት። ፊቴ ላይ ተፋችብኝ። አልጠረግሁትም።

አልተቆጣሁሽም ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ግን ውሸት ሰለቸኝ። ተቆጥቼሻለሁ። መርከቡ ላይ ስድስት ቀን ሙሉ በአጉሊ መነጽሩ፣ በእርሳሱ፣ በአባባ ሕግ ስናደድ ነበር። ከመርከብ ስወርድ ግን ንዴቱ ዞሮ ወደ እኔው መጣ። ባዶ ነገር ስታዪ እንደማያስችልሽ ከኔ በላይ የሚያውቅ ማን አለ? አንቺ ካደግሽበት ቤት ነው ያደግሁት። ምስጢሩን ባልነግርሽ እንኳ «ይቺን ተዪያት» ብል ቃሌ አይፈርስም ነበር። እኔ ግን መሐላዬን ስጠብቅ እሷን መጠበቅ ረሳሁ። ኩራትም ነበረበት፤ ምስጢር ያለው ፎቶ አንሺ መሆን ደስ ብሎኝ ነበር።

እናት አለቻት፣ ገጠር የምትኖር። አድራሻዋን ሰጥተውኛል። ብዕር አነሳለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። አንቺ እንዳትጽፊላት፤ ጥፋተኛው እኔ ነኝ ብያለሁ፣ በዚያው ይቅር። ያነሳኋቸው ሰዎች ሁሉ በተራ ይመጡብኛል። ሰዓት የሚሞላው ሽማግሌ፣ ዓሣ የምትከትፈዋ ሴትዮ፣ ሌሎቹም። ስንቱ የሚደበቀው ነገር ይኖረው ይሆን? እኔ አንዱንም አልጠየቅሁም። ብርሃኑ ጥሩ ከሆነ ይበቃኝ ነበር።

ወንድምሽ


ግንቦት 3

ወንድምዓለም፣

አትጻፊ ያልከኝን ጻፍኩ። ከመቼ ወዲህ ነው ታናሽ ታላቁን የሚያዘው? በላውንደሪዋ ባለቤት በኩል ላኩት። «ልጅሽ ያለችበትን ያሳየሁት እኔ ነኝ፤ ወንድሜ ለእኔ ሲል ዋሽቷል» አልኩና ስሜን ከነአባቴ፣ የፎቶ ቤቱን መንገድና ቁጥር ጻፍኩላት። ይቅርታ አድርጊልኝ አላልኳትም። እንዲህ ያለውን ነገር ይቅር በይኝ ብሎ መጠየቅ ራሱ ድፍረት መሰለኝ።

እማዬም አሁን ሁሉን ታውቃለች። ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ ትለኛለች ብዬ ጠብቄ ነበር። በሩ ላይ መቀመጥ ትታለች። ደንበኛው እየመጣ የት ሄዱ ይለኛል።

የሷ እናት መልስ ትናንት መጣ። ጨለማ ክፍል ገብቼ፣ በሩን ዘግቼ፣ በቀዩ መብራት አነበብኩት። በጎረቤት ልጅ ነው ያስጻፈችው። ብትረግመኝ ይሻለኝ ነበር። እንዳለ ልገልብጥልህ፦

«ልጄ ከሰውየው ስትሸሽ ፎቶዎቿን በሙሉ አቃጥላ ነው የሄደችው፣ ለሰው እያሳየ እንዳይፈልጋት ብላ። እኔ ዘንድ አንድም አልቀረም። የልጅነቷም የለኝ። መጽሔቱን ፖሊሶቹ አሳይተውኛል፣ ተጣጥፎ ፊቷ መሐል ላይ ተሰንጥቋል። መልኳ እየጠፋብኝ ነው። እናንተ ዘንድ ደህናው አለ ብለውኛል። አጥባችሁ ላኩልኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

ከትናንት ጀምሮ እያጠብኩ ነው። በመጀመሪያ ሌላውን፣ ፊቷ በእንፋሎት ግማሽ የተሸፈነውን ልልክላት አሰብኩ። እናት ግን ፊት ነው የጠየቀችው። ፊቷ ያለው በዚያኛው ላይ ነው። መስኮቱን ቆርጬ ላወጣው ሞከርኩ። በሱ በኩል ነው ብርሃኑ የሚገባው፤ ሲቆረጥ ፊቷ ይሞታል፣ መልሼ አስገባሁት። ስድስት ጊዜ አጠብኩት። አንድ እንከን እንዳገኝበት ተመኘሁ፤ ትንሽ ደብዘዝ ቢል፣ ትንሽ ዓይኗን ብትሰብር፣ ያኔ ለሽፋን አይሆንም ነበር፣ አዘጋጁም ባልደወለ፣ እኔም መነጽር ባላነሳሁ። የለውም። በስድስቱም ወረቀት ላይ ያንኑ ያህል ሕያው ሆና ነው የምትመጣው። ቀና ትላለች፣ ታየኛለች።

ነገ ጠዋት ፖስታ ቤት እወስደዋለሁ። ወንድምዓለም፣ በሕይወትህ ካነሳኸው ሁሉ ይሄ ይበልጣል፤ እኔም ካጠብኩት ሁሉ። ይህንን የምነግረው ሰው ካንተ በቀር በምድር ላይ የለኝም፤ ለሌላ ሰው ብናገረው በድንጋይ ይወግረኛል፣ ቢወግረኝም ልክ ነው።

እህትህ